ዊንዶውስ 11 ገባ፣ ስካነሩ ወጣ

«ስካነሩ የለም ይለኛል።»

የአክስቴ ልጅ የደወለችልኝ ገና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ትምህርት ቤት አጠገብ አንዲት ጠባብ የኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት አለቻት። መታወቂያ ኮፒ ታደርጋለች፣ ሲቪ ትጽፋለች፣ የትምህርት ማስረጃ ስካን አድርጋ በኢሜይል ትልካለች። እንጀራዋ ይኸው ነው። በዋዜማው አንድ የሠፈር ባለሙያ ኮምፒውተሯን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ 11 ጭኖላት ነበር። ዊንዶውስ 10 አበቃለት ሲባል ሰምታ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ አምሮበታል። ፕሪንተሩም ያትማል። የስካነሩም መብራት ይበራል፣ ኬብሉም ተሰክቷል። ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም።

«ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

አልተበላሸም። ትናንት እስከ ማታ ሲሠራ የዋለ ዕቃ ነው። ከሌሊቱ ወዲህ የተለወጠ ነገር ቢኖር ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ስልክ ባለፉት ወራት ደጋግሜ ስለተቀበልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

መነሻውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማይክሮሶፍት በ2015 እ.ኤ.አ. ላወጣው ዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። እንደ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ኮምፒውተሮቹ በዚያ ቀን አልጠፉም፣ ፋይሎቻችንም የትም አልሄዱም። የቀረው ጥበቃው ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ ኋላ የምነግራችሁን ጊዜ መግዣ ካልያዛችሁ፣ የሚደፍን የለም። ስለዚህ የሁሉም ሰው ጥያቄ አንድ ሆነ፦ «የኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 ይቀበላል?»

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ላፕቶፑ መቀበሉን ጠይቀን ላፕቶፑ ላይ የተሰካውን መጠየቅ እንረሳለን። ከሥራ የሚያስቀረን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኼኛው ነው።

አስተርጓሚው

ድራይቨር ማለት ሹፌር ነው እያለ የሚቀልድ ባለሙያ አውቃለሁ። እኔ አስተርጓሚ ብለው ይሻለኛል። ስካነሩ የራሱ ቋንቋ አለው፤ መብራቱን አብራ፣ ሞተሩን ግፋ፣ ያየኸውን ላክ የሚባለው በዚያ ቋንቋ ነው። ዊንዶውስም የራሱ ቋንቋ አለው። ሁለቱ በቀጥታ አይግባቡም። መሃል ቆማ የምታስማማቸው ትንሽ ፕሮግራም ናት ድራይቨር የምትባለው። ብዙ ጊዜ የሚጽፋት ዕቃውን ያመረተው ድርጅት ነው።

ችግሩ አስተርጓሚው የሚያውቀው የዘመኑን ቋንቋ ብቻ መሆኑ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲለወጥ አንዳንዴ ድራይቨሩም እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። ማን ይጻፈው? አምራቹ ያንን ስካነር የሸጠው ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ጨርሷል። አዲስ ድራይቨር መጻፍ ለእሱ ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። እንዲያውም የድሮው ካልሠራላችሁ አዲስ ትገዙ ይሆናል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዕቃው ሳይበላሽ የሚሞተው እንዲህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ድራይቨሮች የሚቀመጡት ተራው ፕሮግራም በሚቀመጥበት ቦታ አይደለም። ከርነል በሚባለው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው። ዎርድ ቢበላሽ ዎርድ ይዘጋል፣ እናንተም ሁለት ቃል ትሳደቡና ትከፍቱታላችሁ። ከርነል ውስጥ ያለ ድራይቨር ሲሳሳት ግን መላው ኮምፒውተር ይወድቃል፤ ሰማያዊው ገጽ ይመጣል። ጁላይ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. አውሮፕላን ማረፊያዎችና ሆስፒታሎች ሥራ ያቆሙበትን ቀን አስታውሱ። ክራውድስትራይክ የተባለ የደኅንነት ድርጅት የላከው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ ነበር ምክንያቱ። የዚህ ድርጅት ፕሮግራም ድራይቨሩ እዚያው ከርነል ውስጥ ነው የሚሠራው። ማይክሮሶፍት በግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች እንደተመቱ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለውን ፕሮግራም በር ላይ ቆሞ መፈተሽ የሚያስቀይም አይደለም። ፍተሻው በጠበቀ ቁጥር ግን በር ላይ የሚቀረው አሮጌ ዕቃ ይበዛል።

32ቱና 64ቱ

ወደ አክስቴ ልጅ ስካነር ልመለስ። ጣጣው ሲፈታ እንዲህ ሆኖ ተገኘ።

ዊንዶውስ 10 በሁለት ዓይነት ይመጣ ነበር፤ ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት (ቁጥሩ ሲስተሙ መረጃን በአንድ ጊዜ የሚይዝበት ስፋት ነው)። ዊንዶውስ 11 ግን ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት ኮምፒውተሩን ያዘጋጀላት ሰው ባለ 32 ቢቱን ነበር የጫነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ስለሆነ ይበቃል ብሎ ይሆናል፤ ወይም ስካነሩ እምቢ ስላለው። የስካነሩ አምራች ለ64 ቢት ድራይቨር ሠርቶ አያውቅም። 32 ቢቱ ላይ እስካለች ድረስ ይኼ ጉድ ተደብቆ ኖረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የ32 ቢት ፕሮግራም ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ በየቀኑ እየተጠቀማችሁበት ሊሆን ይችላል። የ32 ቢት ድራይቨር ግን አይሠራም። ከርነሉ 64 ከሆነ በውስጡ የሚቀመጠውም 64 መሆን አለበት። መሃል ሰፋሪ የለም። ስለዚህ «ሲዲው አለኝ እኮ፣ ድራይቨሩን ከሲዲው ልጫነው» ያለችኝ ነገር አልጠቀማትም። በነገራችን ላይ ከዶስ ዘመን የተረፈች የሂሳብ ፕሮግራም ይዞ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ካለ እሱም ይጠንቀቅ። ባለ 16 ቢቶቹ ፕሮግራሞች ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጨርሶ አይነሱም።

የናንተን ለማወቅ ቀላል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ክፈቱ። ሲስተም ታይፕ ከሚለው ትይዩ 32 ካያችሁ ወደ 11 የሚወስዳችሁ መንገድ ሁሉን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነው።

64 ቢት ላይ ያለም ሙሉ በሙሉ አያርፍም። ዊንዶውስ 11 ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባል ጥበቃ አለው፤ አዲስ ሲጫን ብዙ ጊዜ በራሱ ይበራል። ይኼ ጥበቃ ከርነል ውስጥ የሚገባውን ኮድ በጥብቅ ይመረምራል። አሠራራቸው ያረጀ አንዳንድ ድራይቨሮችን አላስገባም ይላል። ዩቲዩብ ላይ መፍትሔው «አጥፉት» ነው። ለአንድ የድሮ ዌብካም ብሎ የቤቱን መቀርቀሪያ ማንሳት ለእኔ አይዋጥልኝም። ዌብካሙን ቀይሩት።

ቪስታ ያለ ኃጢአቱ

ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። ዊንዶውስ ቪስታን የሚያስታውስ ካለ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ ስሙ እንዴት እንደጠፋ ያውቃል። ይንቀረፈፋል፣ ይወድቃል፣ ዕቃ አይቀበልም ተባለ። ማይክሮሶፍት ያን ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨሮች የሚጻፉበትን መንገድ ከሥሩ ለውጦ ነበር። አምራቾቹ አልደረሱም። ኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ይፋ የሆኑ የማይክሮሶፍት የውስጥ ሰነዶች አንድ ነገር አሳዩ። ከተመዘገቡት የቪስታ ውድቀቶች 28.8 በመቶው የግራፊክስ ካርድ አምራቹ የኤንቪዲያ ድራይቨሮች ያስከተሉት ነበር። የማይክሮሶፍት የራሱ ድርሻ 17.9 በመቶ ነው። ስሙ የጠፋው ግን ቪስታ ብቻ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ሁሉም አጨበጨበ። ውስጡ ከቪስታ ብዙም የራቀ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ያሻሻለው ነገር አለ፤ አይካድም። ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት የድራይቨር ጸሐፊዎቹ ደርሰው ነበር።

በቪስታ ጊዜ ችኩል ሰው ነበር የሚጎዳው፤ መጠበቅ ያዋጣ ነበር። ዛሬ የተገላቢጦሽ ነው። ዊንዶውስ 11 ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲስተም ነው። አዳዲሶቹ ዕቃዎች ተስማምተውት ጨርሰዋል። ላልተስማማው አሮጌ ዕቃ አዲስ ድራይቨር እስኪወጣ ብሎ መጠበቅ፣ የማይመጣ አውቶቡስ መጠበቅ ነው።

8ተኛው ጄኔሬሽን ላይ የተሰመረው መስመር

አሁን ወደዚያ ግማሽ ጥያቄ። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ራም 4 ጊጋባይት፣ የዲስክ መጠን 64 ጊጋባይት ነው፤ ይኼን ብዙ ማሽን ያሟላል። ሰውን የሚያቆመው ሌላው ነው፦ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡት የሚባል የማስነሻ ጥበቃ፣ እና የተፈቀደ ፕሮሰሰር። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ተኛ ጄኔሬሽን ወዲህ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ራይዘን 2000 ከሚባሉት ወዲህ።

ቲፒኤም የለም የሚል መልእክት ካያችሁ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ አለ፣ ግን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቶ ነው። ኢንቴል ማሽኖች ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ሴኪዩር ቡት እምቢ የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለሙያው ዊንዶውሱን በድሮው የሌጋሲ መንገድ ጭኖት ስለሆነ ነው። ፋይል ሳይጠፋ ዲስኩን ኤምቢአር ከሚባለው ከድሮው አከፋፈል ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ የሚቀይር መሣሪያ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ራሱ አለ። ከዚያ በፊት ግን ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ሳይገለብጡ የሚሠራ ባለሙያ ቢመጣ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።

የፕሮሰሰሩ መስመር ግን አያወላዳም፤ እኛን የሚነካውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጠው ላፕቶፕ ብዙው ስላይትሊ ዩዝድ ነው፤ የውጭ ድርጅቶች ተጠቅመው የጣሉት። ከመካከሉ 6ተኛና 7ተኛ ጄኔሬሽን ሞልቷል። ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው» ብሎ ይነግራችኋል። አይ 7 መሆኑ ምንም አይነግርም። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 6300 ካለ 6ተኛ ነው። 8250 ካለ 8ተኛ ነው። 10 ወይም 11 ብሎ የሚጀምር ባለ አምስት አኃዝ ከሆነ 10ኛ ወይም 11ኛ ነው። የ8ተኛው አይ 5 ከ6ተኛው አይ 7 ይሻላችኋል፤ ዕድሜ ስላለው።

መስመሩ ፍትሐዊ ነው ወይ? እኔ ግማሽ ልቤን ነው የምሰጠው። ማይክሮሶፍት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ፣ መስፈርቱን የማያሟሉ የሙከራ ማሽኖች ላይ የከርነል ውድቀት በ52 በመቶ በልጦ መገኘቱን ተናግሯል። እሺ፣ ይሁን። ግን ሜሞሪ ኢንተግሪቲን የሚያፋጥነው የፕሮሰሰር አቅም ኢንቴል 7ተኛ ጄኔሬሽን ላይም አለ። 7ተኛው ግን ቀረ። ከጥቂቶች በቀር። ከእነዚህ አንዱ ኮር አይ 7-7820 ኤችኪው የሚባለው ፕሮሰሰር ነው፤ በልዩ ሁኔታ ገባ። ያ ፕሮሰሰር ካለባቸው ማሽኖች አንዱ ማይክሮሶፍት ራሱ ያመርተው የነበረው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ነው። የተሰጠው ምክንያት ምን ነበር? ዘመናዊ ድራይቨር ይዘው የወጡ ማሽኖች ላይ ስለሆነ የሚል። የራስ ልጅ ሲሆን መስመሩ ይታጠፋል ብሎ የሚያማ ቢኖር አልፈርድበትም። ምክንያቱ ግን ደስ ይላል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ነገሩ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ድራይቨሩ ላይ መሆኑን መመስከሩ ነው።

መስመሩን ዘሎ የሚጭን አለ። ሩፉስ በምትባል ፕሮግራም ፍላሽ ሲዘጋጅ ፍተሻውን ማስቀረት ይቻላል፤ ባለሙያዎች በየቀኑ የሚያደርጉት ነው። ባለ 64 ቢት የዊንዶውስ 10 ድራይቨሮችም አብዛኞቹ 11 ላይ ይሠራሉ። ማይክሮሶፍት ግን ለእንደዚህ ያለ ማሽን ማሻሻያ ለመስጠት ቃል አልገባም። በዓመት አንዴ የሚመጣው ትልቁ ማሻሻያም በራሱ አይመጣም። 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 ትልቅ ማሻሻያ ጀምሮ ደግሞ እንደ ኮር 2 ዱዎ ያሉት የጥንት ፕሮሰሰሮች ጭራሽ አይነሱበትም። ፊልም ለሚታይበት የቤት ላፕቶፕ ይሁን እላለሁ። የሰው ሰነድ ለሚቀመጥበት የቢሮ ማሽን ግን አልመክርም።

«ፎርማት ላድርግልህ?»

እኛ ጋ ለሁሉም ሕመም መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ኮምፒውተር ከበደ፣ ፎርማት። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። ዊንዶውስ 11 ፈለግህ፣ ፎርማት። ለድራይቨር ነገር ግን ከዚህ የከፋ መንገድ የለም። ዊንዶውስ 10 ውስጥ ሆናችሁ አፕግሬድ ስታደርጉ ነባሮቹ ድራይቨሮች አብረው የመሻገር ዕድል አላቸው። የማይስማማ ነገር ካለም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይነግራችኋል። ካልተመቻችሁ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ነበራችሁበት መመለስ ትችላላችሁ። ፎርማት ሲደረግ ይህ ሁሉ የለም። የአክስቴ ልጅ 32 ቢት ላይ ስለነበረች አማራጭ አልነበራትም። እናንተ ግን ሊኖራችሁ ይችላል።

ፎርማት ግድ ከሆነ መጀመሪያ የዋይፋይና የኔትወርክ ድራይቨሩን አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ያለዚያ ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ የሚባለው ውስጥ ትገባላችሁ፤ ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ገና ሲጀምር ኢንተርኔት ካላገኘሁ አልቀጥልም ይላል። እዚያ ላይ ከቆማችሁ ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ቴዘሪንግ፣ ማለትም የስልኩን ኢንተርኔት ማጋሪያ፣ አብሩ። ለአንድሮይድ ስልክ ቴዘሪንግ የሚሆነው ድራይቨር ዊንዶውስ ውስጥ ስላለ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይያዛል። አሁን ያሉትን ድራይቨሮች በሙሉ ገልብጦ የሚያስቀምጥ ትእዛዝም ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ባለሙያችሁ ያውቀዋል። ካላወቀው ሌላ ፈልጉ።

11ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያሉ ኢንቴል ላፕቶፖች ሌላ ወጥመድ አላቸው። መጫኛውን ስትጀምሩ ዲስኩ ጨርሶ የማይታይባቸው አሉ። ሃርድ ዲስኩ ሞቷል ተብሎ አዲስ እንዳይሸጥላችሁ። ዲስኩ ደኅና ነው፤ የጎደለው ኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ የሚባለው ድራይቨር ነው። ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጣችሁ፣ መጫኛው ላይ ሎድ ድራይቨር የምትለውን ስትነኩ ዲስኩ ብቅ ይላል።

ሁሉንም በአንዴ የሚጭኑት የድራይቨር ፓኮች ባለሙያው ዘንድ ተወዳጅ ናቸው፤ ኢንተርኔት ስለማይፈልጉ። እኔ የመጨረሻ አማራጭ አድርጌ ነው የማያቸው። የማትፈልጉትን ፕሮግራም ይዘው የሚገቡ አሉ፣ ለማሽናችሁ ያልተሠራ ድራይቨር የሚጭኑም አሉ። የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዞ አምራቹ ገጽ ላይ መሄድ ያዋጣል።

አንድ ነገር ብቻ ጮክ ብዬ ልናገር፤ ስለ ቁልፍ። አዲሱ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጫን ብዙ ማሽኖች ላይ ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል። መክፈቻዋ ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ናት፤ የምትቀመጠውም በዚያ አካውንት ውስጥ ነው። አሁን አስቡት፤ ባለሙያው ለመፍጠን ብሎ በራሱ ኢሜይል ይጭነዋል። ከስድስት ወር በኋላ ባዮስ ሲታደስ ወይም ማዘርቦርድ ሲነካ ኮምፒውተሩ ቁልፉን ይጠይቃል። ቁልፉ ያለው ባለሙያው ኢሜይል ውስጥ ነው። ባለሙያው ደግሞ ስልክ ቀይሯል። በራሳችሁ አካውንት አስጭኑ፣ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጻፉት።

ትንሿ የአማርኛ ጣጣ

አማርኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይገጥመዋል። ድራይቨር ባይሆንም ዘመዱ ነው። በቪስታ ዘመን ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ የሚባለው ፊደል ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በነባሪነት አይመጣም። ስለዚህ በኒያላ የተጻፈ የቆየ ሰነድ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ በሌላ ፊደል፣ ብዙ ጊዜ በኤብሪማ፣ ሊታይ ይችላል። መስመሩ ይዛነፋል፣ ሠንጠረዡ ይፈናቀላል፣ 3 ገጽ የነበረው 4 ይሆናል። ፊደሉ አልጠፋም። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፊደሎችን መጨመር በቂ ነው።

ፕሪንተር፣ ፋክስና ጊዜ መግዣው

ፕሪንተር ከስካነር ይልቅ ዕድለኛ ነው። ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2023 እ.ኤ.አ. አምራቾች የየራሳቸውን የፕሪንተር ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የሚያከፋፍሉበትን አሠራር ደረጃ በደረጃ እንደሚያስቀር አስታውቋል። በምትኩ ሁሉም ፕሪንተር የሚናገረው የጋራ ቋንቋ እንዲኖር ነው ሐሳቡ። አዲስ ፕሪንተር የምትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ሞፕሪያ የሚል ፈልጉ። ይህ ያለበት ፕሪንተር ዊንዶውስ በተለወጠ ቁጥር አዲስ አስተርጓሚ አይጠይቅም።

አሮጌ ድራይቨር ደግሞ ተረስቶ ብቻ ሳይሆን ሆን ተብሎም ሊወገድ ይችላል። ዊንዶውስ 10 በተሰናበተበት በዚያው ቀን የወጣው ማሻሻያ አንድ የድሮ የፋክስ ሞደም ድራይቨርን ከዊንዶውስ ነቅሎ ጣለ። ድራይቨሩ ሞደም በሌላቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ እንኳን ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። አጥቂዎች ቀዳዳውን አግኝተው እየተጠቀሙበት ስለነበር ከመጠገን ማስወገድ ተመረጠ። በእሱ የሚሠራ ፋክስ የነበረው ሰው በማግሥቱ ፋክስ አልነበረውም።

ለመሻገር ላልተዘጋጀ ሰው ጊዜ መግዣ አለ። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ አራዝሟል። ዋጋው 30 ዶላር ነው። የውጭ ካርድ ለሌለው ሰው ግን ሌላ በር አለ፤ የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ካመሳሰላችሁ አትከፍሉም። አውሮፓ ኅብረት አገሮች ያላችሁ ያለዚያም በነጻ ታገኙታላችሁ። ለድርጅቶች ዋጋው ሌላ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ማሽን 61 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። የተገዛው ጊዜ ስካነራችሁን አያድስላችሁም። ጠረጴዛችሁ ላይ ካለው ሁሉ በጣም ያረጀው የቱ እንደሆነ ለማየት ግን ይበቃል።

ስካነሩስ?

ሁለት መንገድ ነበረን። አንዱ አዲስ ስካነር መግዛት ነው። ዋጋ ጠየቀችና ዝም አለች። ሁለተኛው፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰች አንዲት ላፕቶፕ ነበረቻት። 4ተኛ ጄኔሬሽን፣ ባትሪዋ የሞተ። ዊንዶውስ 11 የማይታሰብ ነው። ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም፣ በፍላሽ ጫንኩላት።

ሊኑክስ ላይ ብዙው ድራይቨር የሚቀመጠው ሁሉም ሊያየው በሚችል ኮድ ነው። ለስካነር ሴን የሚባል ስብስብ አለ። ከሚጽፉት ብዙዎቹ ፈቃደኞች ናቸው። አምራቹ የተወውን ዕቃ ሌላ ሰው እያደሰ ያቆየዋል፤ ለ64 ቢትም ያደርሰዋል። ሊኑክስ ሁሉን ይፈታል እያልኩ አይደለም። የብሮድኮም ዋይፋይ ያለው ላፕቶፕ ላይ ላብ በላብ ሆኜ አውቃለሁ። የጣት አሻራ አንባቢዎች ብዙዎቹ አይሠሩም። አንዳንድ ርካሽ ሌዘር ፕሪንተሮችም እንደዚያው።

ስካነሩን ግን ሰካነው። ድራይቨር ጫን አላለንም፣ ሲዲ አልጠየቀንም። ፕሮግራሙን ስንከፍት ስሙ ከነሞዴል ቁጥሩ ተጽፎ ጠበቀን። ያቺ የታወቀች የሞተር ድምፅ ተሰማች።

አሁን ስካን የሚደረገው በዚያች ላፕቶፕ ነው። ፋይሉን በቴሌግራም ወደ ራሷ ትልከውና በዋናው ኮምፒውተር ታትመዋለች። ባለፈው ሳምንት ብቅ ብዬ ነበር። ክዳኗ ላይ በማርከር የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ስካን ብቻ። ፎርማት ማድረግ ክልክል ነው።»